ታርጋ የሌለው ብረት ከሰማይ ሲወድቅ

ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኬንያ ውስጥ ማኩዌኒ በሚባለው ካውንቲ፣ ሙኩኩ የምትባል መንደር ላይ አንድ የብረት ቀለበት ከሰማይ ዱብ አለ። ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሜትር፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ያህል፤ በእኛ ገበያ አነጋገር አምስት ኩንታል። የመንደሩ ሰዎች ቦምብ የፈነዳ መስሏቸው ነው ግልብጥ ብለው የወጡት። ፖሊስ ቦታውን አጠረ፤ የኬንያ የሕዋ ኤጀንሲ ባለሙያዎችም መጥተው ብረቱን ተረከቡ። የመጀመሪያ ምርመራቸው ከሳተላይት ማምጠቂያ ሮኬት ላይ የሚነጠል ቀለበት መሆኑን ጠቆመ። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲመለስ አየር ላይ ተቃጥሎ እንዲያልቅ፣ ካልሆነም ሰው በሌለበት ውቅያኖስ ላይ እንዲወድቅ ታስቦ ነው የሚሠራው። ይኼኛው መንደር መረጠ። ሰው ሳይገድል መቅረቱ ዕድል ነው።

የማን ነው? ኬንያ ከህንድ ካሣ ጠየቀች የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ኤጀንሲው ሐሰት ነው ሲል አስተባበለ። ሰማይ መከታተል የሚወዱ አማተሮች የየራሳቸውን ስሌት ይዘው ወጡ፤ አንዱ ከብዙ ዓመታት በፊት የመጠቀ የአውሮፓ ሮኬት ነው አለ፣ ሌላው አይደለም አለ። የመንደሩ ነዋሪዎች ደግሞ የጠየቁት አጭር ነገር ነበር፦ ማን ይክሰናል?

እኔ የሕዋ ሳይንስ ሰው አይደለሁም። ሕግ ተምሬ ዕድሜዬን የፈጀሁት አዲስ አበባ ውስጥ በኢንሹራንስ ክሌም ክፍል ነው፤ የተገጨ መኪናና የተገጨ ሰው ፋይል ሳገላብጥ። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ የሊብሬ ኮፒ፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ የሐኪም ማስረጃ። ፋይል ሲቀርብልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ዐይኔ የሚሮጠው ወደ ታርጋ ቁጥሩ ነው። ታርጋ ካለ ባለቤት አለ፣ ባለቤት ካለ ፖሊሲ አለ፣ ፖሊሲ ካለ ክርክሩ ስለ ብሩ መጠን ብቻ ይሆናል። ታርጋ ከሌለ ግን የቱንም ያህል የሚያሳዝን ጉዳት ቢሆን ፋይሉ አይንቀሳቀስም። ስለ ሕዋ ሕግ ማንበብ የጀመርኩትም በዚህ በኩል ነው፤ ከላይ የሚወርደው ብረት ሦስተኛ ወገን የሚባለውን ሰው፣ ማለትም ከነገሩ ምንም የሌለበትን መንገደኛ፣ እንዴት እንደሚያስተናግደው ለማየት።

የዚህ ሕግ መሠረት የሆነው ስምምነት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሞስኮ ለፊርማ ቀረበ (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከፈረሙት አንዷ ናት። ሕዋና በውስጡ ያሉ አካላት የማንም አገር ግዛት አይሆኑም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው አንቀጽ ስድስት ነው። ሶቭየት ኅብረት ሕዋ የመንግሥታት ብቻ ይሁን የሚል አቋም ይዛ ነበር፤ የግል ነጋዴ እዚያ ምን ይሠራል? አሜሪካ በበኩሏ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ያሠራው ቴልስታር ሳተላይት በ1962 መጥቆላት ስለነበር ይህን ልትቀበል አልቻለችም። የታረቁት በመካከል ቦታ ነው። የግል ድርጅት ይግባ፤ ነገር ግን መንግሥቱ ፈቃድ ይስጠው፣ ያለማቋረጥ ይቆጣጠረው፣ ድርጅቱ ለሚያደርገውም ሁሉ መንግሥቱ በዓለም ፊት ይጠየቅ ተባባሉ።

ይህ በሌላው የዓለም አቀፍ ሕግ ዘርፍ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው። ኩባንያ ውጭ አገር ሄዶ ወንዝ ቢበክል የትውልድ አገሩ መንግሥት «እኔ ምን አገባኝ፣ ሄዳችሁ እሱን ክሰሱ» ሊል ይችላል። ሕዋ ላይ ግን አይችልም። ስለዚህ «ሕጉ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው፣ ለኢሎን መስክ ዘመን አይሆንም» የሚለው በየመድረኩ የሚደጋገም አባባል አይዋጥልኝም። የ1967 ሰዎች የግል ኩባንያ መምጣቱን አይተው ነው የጻፉት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ እደርሳለሁ።

ተጠያቂነቱን በገንዘብ የተረጎመው የ1972ቱ የኃላፊነት ስምምነት ነው። ከሕዋ የወረደ ነገር ምድር ላይ ላለ ሰው ወይም ንብረት፣ ወይም ለሚበር አውሮፕላን ጉዳት ካደረሰ አምጣቂው አገር ይከፍላል፤ አጥፍቷል አላጠፋም የሚል ክርክር የለም። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአደገኛ ሥራ በቁጥር 2069፣ ለተሽከርካሪ ደግሞ በቁጥር 2081 የያዘው መንገድ ይኸው ነው፤ በሥራው የሚጠቀመው ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይክፈል። አምጣቂ የሚባለው አገር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ያመጠቀው፣ ያስመጠቀው፣ ግዛቱን የፈቀደው፣ ጣቢያውን ያዋሰው፤ ሁሉም በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃሉ። ለተጎጂ እንዲህ ያለ ሕግ ወርቅ ነው፤ የፈለገውን ይዞ ሙሉውን ማስከፈል ይችላል። የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ አንድ፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ስትመጥቅ በዚህ አተረጓጎም ያስመጠቀችው ኢትዮጵያና ግዛቷን የሰጠችው ቻይና ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው። ያን ማለዳ እንጦጦ ላይ ሲጨበጨብ ይህንን ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ የክሌም ሰው ካልሆነ በቀር የሠርግ ቀን ስለ ዕዳ የሚያስብ የለም።

ሕጉ አንድ ጊዜ በደንብ ተፈትኗል። በጃንዋሪ 1978 ኮስሞስ 954 የተባለ፣ የኑክሌር ማመንጫ የተሸከመ የሶቭየት ሳተላይት በካናዳ ሰሜናዊ ምዕራብ ግዛቶች በረዶ ላይ ተበትኖ ወደቀ። ካናዳ ለፍለጋና ለጽዳት ያወጣችውን ቆጥራ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ጠየቀች፤ በ1981 በ3 ሚሊዮን ተዘጋ። ግማሽ በግማሽ። በሙያዬ ይህ መጥፎ ስምምነት አይባልም፤ ፋይሉ ግን ለምን እንደተንቀሳቀሰ ልብ በሉ። የወደቀው የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር፤ የጠየቀውም መንግሥት ነው፣ ያውም ሀብታም መንግሥት።

ምክንያቱም ተጎጂው ራሱ በዚህ ስምምነት መሠረት መጠየቅ አይችልም፤ ጥያቄውን የሚያቀርብለት መንግሥቱ ነው፣ በዲፕሎማሲ በር። መንግሥቱ ካልፈለገ ወይም ከዚያኛው አገር ጋር ሌላ ጉዳይ ካለው ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በማርች 2024 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ኔፕልስ ከተማ አንድ ሰባት መቶ ግራም የሚሆን ብረት የአንድ ቤተሰብ ጣሪያ ሰብሮ፣ ወለሉንም በስቶ ገባ። በ2021 ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የተለቀቀ፣ አሮጌ ባትሪዎች የተጫኑበት መደርደሪያ ቁራጭ መሆኑን ናሳ አምኗል። ቤተሰቡ ከ80 ሺሕ ዶላር በላይ ጠየቀ። ብረቱ ኩባ ላይ ወድቆ ቢሆን አሜሪካ ያለ ክርክር ተጠያቂ ነበረች፤ ፍሎሪዳ ላይ ስለወደቀ ግን ስምምነቱ የአምጣቂውን አገር ዜጎች አይመለከትምና ሰዎቹ በአገራቸው ሕግ የናሳን ቸልተኝነት ወደ ማስረዳት መሄድ ነበረባቸው። የ1972 አርቃቂዎች ምክንያት ነበራቸው፤ መንግሥትና ዜጋው በቤታቸው ይጨራረሱ ብለው ነው። ውጤቱን ግን ለጣሪያው ባለቤት ማስረዳት ከባድ ነው።

ከምድር ወደ ላይ ስንወጣ ሕጉ ይላላል። ሁለት ሳተላይቶች ምሕዋር ላይ ቢጋጩ ከፋዩ ጥፋተኛው ነው፤ ጥፋት ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጻፈም። በፌብሩዋሪ 2009 ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአሜሪካው ኩባንያ ኢሪዲየም ሳተላይትና አገልግሎቱን የጨረሰ የሩሲያ ወታደራዊ ሳተላይት ተጋጭተው ተበታተኑ። ሁለት ሺሕ የሚደርስ በራዳር የሚታይ ስብርባሪ ቀረ። ማንም ማንንም በስምምነቱ አልጠየቀም። ቀይ መብራት የለም፣ ቀኝ ያዝ የሚል ደንብ የለም፤ ጥፋተኛው ማን ይባላል? ዛሬ ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በ2021 ቻይና ሰው ያለበት የሕዋ ጣቢያዬ ከስታርሊንክ ሳተላይቶች ጋር እንዳይጋጭ ሁለት ጊዜ መሸሽ ነበረብኝ ብላ ለተባበሩት መንግሥታት አመለከተች። ክሱ የቀረበው በአሜሪካ መንግሥት ላይ ነው፤ በኩባንያው ላይ አይደለም። አንቀጽ ስድስት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አንቀጹ ካልሞተ፣ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ሕጉ የሚሠራበት ቢሮ ነው። ቪየና ላይ የሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ኮሚቴ ሁሉም ካልተስማማ አይወስንም፤ ከ1979ኙ የጨረቃ ስምምነት ወዲህ አንድም አስገዳጅ ስምምነት አልወጣለትም። በዚህ መሐል ሕጉ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እየተጻፈ ነው፤ ቅጽ ላይ፣ የፈቃድ ግዴታ ላይ፣ የቅጣት ውሳኔ ላይ።

ስዋርም የሚባለውን የካሊፎርኒያ ጀማሪ ኩባንያ ታሪክ ልንገራችሁ። አራት ሳተላይቶች ሠራ፤ እያንዳንዳቸው ጎንና ጎናቸው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን «እነዚህ በጣም ትንንሽ ናቸው፣ በራዳር መከታተል ያስቸግራል» ብሎ ፈቃድ ከለከለው። ኩባንያው ምን አደረገ? በጃንዋሪ 2018 በህንድ ሮኬት ላይ አስጭኖ አመጠቃቸው። ያለ ታርጋ ጎዳና መውጣት ማለት ነው፣ ያውም በጎረቤት በር ሾልኮ። ኮሚሽኑ በዓመቱ መጨረሻ 900 ሺሕ ዶላር አስከፈለው። ከዚያ በኋላ በየትም አገር ያሉ ሳተላይት ጫኚዎች የደንበኛቸውን ፈቃድ አጥብቀው መጠየቅ እንዳለባቸው ገባቸው። ይህን ያደረገው የትኛውም ስምምነት አይደለም፤ አንድ የቅጣት ደብዳቤ ነው።

በ2023 ያው ኮሚሽን ዲሽ የተባለውን የቴሌቪዥን ኩባንያ 150 ሺሕ ዶላር ቀጣ። ጥፋቱ? ያረጀ ሳተላይቱን ከሥራ ምሕዋሩ 300 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎ ሊጥል ቃል ገብቶ፣ ነዳጅ አልቆበት 122 ኪሎ ሜትር ላይ ተወው። ለሕዋ ቆሻሻ የተጣለ የመጀመሪያው ቅጣት ነው። ገንዘቡ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ሻይ መጠጫ ነው፤ ግን የገባኸው የፈቃድ ቃል ዕዳ ነው የሚለው ነገር ተመዘገበ። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎም ኮሚሽኑ በዝቅተኛ ምሕዋር ያለ ሳተላይት ሥራውን ከጨረሰ በአምስት ዓመት ውስጥ ይወገድ የሚል ደንብ አውጥቷል፤ ቀድሞ የነበረው ልማድ 25 ዓመት ነበር። ደንቡ የአሜሪካን ገበያ የሚፈልግን የውጭ ኩባንያ ሁሉ ያስራል። ደንቡ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አንድ አገር ለገበያዋ ያወጣችው ደንብ የሁላችንም ሰማይ ሕግ ሲሆን፣ የእኛ ሰው በውይይቱ ላይ አልነበረም።

ጋዜጦች ስለ ሕዋ ሕግ ሲጽፉ የሚወዱት የጨረቃና የአስትሮይድ ማዕድን ነው። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2019፣ ጃፓን በ2021 ከሕዋ የተቆፈረ ነገር የቆፋሪው ነው የሚል ሕግ አወጡ። ባሕሩ የማንም አይሁን፣ ዓሣው የአጥማጁ ነው እንደ ማለት። በ2020 የተፈረሙት የአርጤምስ መርሆዎች ይህንኑ ደገሙት፤ ከአፍሪካ ሩዋንዳና ናይጄሪያ ቀድመው ፈርመዋል። የጨረቃን ሀብት የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ያደረገው የ1979ኙ ስምምነት ግን አባላቱ ከሃያ የማይሞሉ ሆኖ ሳለ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ጥላው ወጣች። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ያሳቀኝ ናሳ የጨረቃ አፈር ለመግዛት ያወጣው ጨረታ ነው። ሉናር አውትፖስት የተባለ ኩባንያ በ1 ዶላር አሸነፈ፤ ከክፍያው አሥር በመቶው ቅድሚያ ስለሚከፈል የናሳ ኃላፊ የአሥር ሳንቲም ቼክ ጽፈው ሰጡት። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ገዢና ሻጭ ካለ ባለቤትነት አለ፤ የተፈለገው ሳንቲሙ ሳይሆን ደረሰኙ ነው። ቢሆንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉዳይ አይደለም። የጨረቃ አፈር ገበያ እስኪቆም ብዙ ዓመት አለ፤ ብረቱ ግን አሁንም እየወደቀ ነው።

ምሕዋርና የሬዲዮ ሞገድ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ገንዘቡ ዛሬ ነው ያለው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጥቅሉ ቀድሞ ላመለከተ ያስቀድማል። ይህንን አሠራር ትንሿ የደሴት አገር ቶንጋ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገብቷት፣ አንድም ሳተላይት ሳይኖራት 16 የምሕዋር ቦታ ጠየቀች፤ ጩኸት ሲበዛባት ወደ 6 ዝቅ አድርጋ ማከራየት ጀመረች። ከዚያ ቀደም በ1976 ስምንት የምድር ወገብ አገሮች፣ ኬንያና ኡጋንዳ ጭምር፣ ቦጎታ ላይ ተሰብስበው ከራሳችን በላይ 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ቋሚ ምሕዋር የእኛ ነው ብለው አወጁ። በሕግ የማያዛልቅ ክርክር ነበር፤ ማንም አልተቀበላቸውም። ይሁን እንጂ ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም፤ በ1988 ለእያንዳንዱ አገር ቢያንስ አንድ የቋሚ ምሕዋር ቦታ የሚያስጠብቅ ዕቅድ ወጣ፣ ኢትዮጵያንም ይጨምራል። ታዲያ በ2021 ሩዋንዳ ለኅብረቱ ያስገባችውን ማመልከቻ ሳነብ የቶንጋ ልጅ አፍሪካ ውስጥ ተወለደ አልኩ፤ ከ300 ሺሕ በላይ ሳተላይት! ከጀርባው የግል ባለሀብት አለ። ኅብረቱ እንዲህ ያለውን ለመግታት በ2019 ደረጃ አበጅቷል፤ የመጀመሪያው ሰባት ዓመት ካለቀ በኋላ በሁለት ዓመት አሥር በመቶውን፣ በአምስት ዓመት ግማሹን፣ በሰባት ዓመት ሙሉውን ያላመጠቀ ቦታው ይቀነስበታል። ሩዋንዳን አልወቅስም። ሕጉ ወረፋ ያዢን የሚጠቅም ከሆነ ወረፋ መያዝ ብልህነት ነው። ጥያቄዬ ከእነዚያ ሳተላይቶች አንዱ ሰው ቤት ላይ ቢወርድ ኪጋሊ ምን ዓይነት ፖሊሲ ይዛ ትቀርባለች የሚለው ነው።

ወደ ሙያዬ ልመለስና የኢንሹራንሱን ነገር ልክፈተው። የአሜሪካ ሕግ ሮኬት አምጣቂ ኩባንያ የሦስተኛ ወገን ሽፋን እንዲገዛ ያስገድደዋል፤ መጠኑ ሊደርስ በሚችለው ጉዳት ግምት ይወሰንና ጣሪያው 500 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ምክር ቤቱ በጀት ከፈቀደ፣ መንግሥት ይሸፍናል። ፈረንሳይ በ2008 ሕጓ ከ60 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያለውን ራሷ ትወስዳለች። ይህ የተለመደ የሪስክ ክፍፍል ነው፤ ታችኛውን ኩባንያው፣ ላይኛውን ግብር ከፋዩ ይሸከማል። ጥሩ። ነገር ግን የአሜሪካው ግዴታ ማምጠቁንና መመለሱን እንጂ ሳተላይቱ ምሕዋር ላይ የሚኖርበትን ዘመን አያስገድድም፤ የሮኬት ቀለበት ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሲዞር ከርሞ ሊወርድ ይችላል፤ ፖሊሲው ካለቀ፣ ኩባንያውም ከተሸጠ በኋላ። ምሕዋር ላይ እያለች የተሸጠች ሳተላይት በሕጉ ዘንድ ስሟ ሳይዞር የተሸጠች መኪና ናት፤ የመጀመሪያው አምጣቂ አገር ለዘለዓለም ከዕዳዋ አይወጣም፣ አዲሱ ገዢ ግን በ1972ቱ ሰነድ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ ሁሉ ሽፋን የሚሠራው ባለቤቱ ሲታወቅ ነው። የ1975ቱ የምዝገባ ስምምነት አገሮች ያመጠቁትን በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ያስገቡ ይላል፤ ሳተላይቱን ይመዘግባሉ፣ ተሰባብሮ ስለሚቀረው የሮኬት አካል ግን የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ብረቱ ላይ ቁጥር መቅረጽ ግዴታ አይደለም፤ ስምምነቱ የሚለው ምልክት ካለው ለመዝገቡ ይነገር ነው። አምስት ኩንታል ብረት ላይ ቁጥር ለመቅረጽ ምን ያህል ያስወጣል? እኛ አገር ሻንሲ ቁጥር የሌለው ባጃጅ እንኳ ቦሎ አያገኝም።

አገራችን ይህን ችግር መሬት ላይ ፈትታዋለች፤ ስለ ሌላው ነገር የፈለግነውን እንበል፣ ይህኛው ጥሩ ሥራ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ የመድን ፈንድ አቋቋመ። ባለ መኪናው ሁሉ በየዓመቱ ፖሊሲ ሲገዛ ጥቂት ያዋጣል፤ ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና የጎዳውን ሰው ፈንዱ ይክሳል። ታርጋው ያልተያዘለት ተጎጂ ባዶ እጁን አይመለስም። በዓለም ደረጃም ታዩታላችሁ፤ ቶሪ ካንየን የምትባል የላይቤሪያ ባንዲራ የሰቀለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ የእንግሊዝን የኮርንዎል ዳርቻ በድፍድፍ ነዳጅ ያጥለቀለቀችው በማርች 1967 ነው፣ የሕዋው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ። የባሕሩ ሰዎች ግን ከዚያ ተነሥተው የት ደረሱ? በ1969 የመርከብ ባለቤቶችን የግዴታ ኢንሹራንስ፣ በ1971 ደግሞ የካሣ ፈንድ አበጁ። የፈንዱ ከፋዮች በዓመት ከ150 ሺሕ ቶን በላይ ነዳጅ በባሕር የሚረከቡ ድርጅቶች ናቸው። ከየትኛው መርከብ እንደፈሰሰ ባይታወቅ እንኳ፣ ከመርከብ መምጣቱ ከተረጋገጠ፣ ዓሣ አጥማጁ ይካሣል። የሕዋ ሕግ በዚያው ዓመት ተወልዶ ይህ የለውም።

የምለው ይህን ነው። ከሕዋ መውረዱ የተረጋገጠ፣ ባለቤቱ ግን ያልታወቀ ነገር ለጎዳው ሰው የሚከፍል ዓለም አቀፍ ፈንድ ይቋቋም፤ መዋጮውን አምጣቂዎች በኪሎ ይክፈሉ፣ ፈቃድ ሰጪው አገር ፈቃዱን ሲሰጥ ይሰብስብ። ባለቤቱ ኋላ ከተገኘ ፈንዱ በተጎጂው እግር ተተክቶ ይጠይቀዋል፤ እኛ በየቀኑ የምንሠራው ነው። አዲስ ግዙፍ ስምምነት መጠበቅም አያስፈልግም፤ ትልልቆቹ ፈቃድ ሰጪዎች ግዴታውን ፈቃዳቸው ላይ ቢጽፉት የአምስት ዓመቱ ደንብ በተስፋፋበት መንገድ ይሄዳል። ስለ ማዕድን እየመከረ ያለው የቪየና የሥራ ቡድን እስከ 2027 ጊዜ ተሰጥቶታል፤ ስለ ወደቀ ብረት አንድ የሥራ ቡድን ማቋቋም የሚከብድ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ የኮሚቴው አባል ናት፤ ኬንያም ናት፣ ያውም በ1970 ኡሁሩ የተባለችው የምርምር ሳተላይት ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ስትመጥቅ ያስተናገደች አገር። ሁለቱ አብረው አጀንዳ ቢያቀርቡ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» የሚላቸው የለም፤ ብረቱ በኬንያ እጅ ነው።

ኩባንያዎቹ ወጪ በዛ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሲሆን ባለ ታክሲዎቻችንም ብለውት ነበር። ሒሳቡን ልሥራው። የስፔስኤክስ ፋልከን 9 ሮኬት እስከ 22,800 ኪሎ ግራም ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር ያደርሳል፤ ዋጋው በ2024 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በኪሎ 10 ዶላር ቢቆረጥ፣ ሙሉ ጭነት 228 ሺሕ ዶላር ይሆናል፤ ከዋጋው የአንድ በመቶ ሲሦ። ኪሎውን ለማምጠቅ ብቻ ሦስት ሺሕ ዶላር ያህል ለከፈለ ደንበኛ 10 ዶላር ጨምር ማለት ነው። ፍሎሪዳ ላይ የተበሳው ጣሪያ 80 ሺሕ ቢቆጠር፣ የአንድ ሮኬት መዋጮ ለሦስት ቤት ሊበቃ የሚጎድለው 12 ሺሕ ዶላር ነው፤ እሱንም የሚቀጥለው ሮኬት ይሞላዋል።